የመጠጥ ማሽኑ ሰንበት

ማሽኑ የመጣ ዕለት ሁለት ሰዎች በጋሪ እየገፉ አምጥተው ከምሠራበት አዳራሽ መተላለፊያ ሲያቆሙት እጄን አፌ ላይ ጭኜ አየሁ። ቁመቱ ከበሩ ሊተካከል ምንም አልቀረው። ፊቱ መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ኋላ የጣሳ መጠጥና ብስኩት በረድፍ ተደርድሯል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ከመጣን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። እኔ ቂርያት ጋት በምትባል የእስራኤል ከተማ የአንድ አዳራሽ ጽዳት ሠራተኛና ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። በአዘቦት ቀን የእኛ የቤተ እስራኤል ሰዎች ዕብራይስጥ ይማሩበታል፤ በሰንበት ደግሞ ሽማግሌዎቻችን ይጸልዩበታል። ማሽኑን ያስመጣችው የአዳራሹ ኃላፊ ናት፤ ተማሪዎቹ በዕረፍት ሰዓት የሚጠጡት እንዲያገኙ ብላ።

እኔ ሲፈጥረኝ ፈሪ ነኝ። ሕፃን እጁን ቢያስገባስ? ሌሊት ቢቃጠልስ? የሰው ሳንቲም ውጦ እምቢ ቢልስ፣ ማን ሊጠየቅ ነው? ኃላፊዋ ግን «እሺ ነው?» ስትለኝ «እሺ» አልኳት። ያኔ ለአለቃ ከ«እሺ» ሌላ መልስ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ማሽኑን የተከለው ቴክኒሻን ከእኛ ቀደም ብሎ በሱዳን በኩል የመጣ የጎንደር ልጅ ነው። ጭንቀቴን አይቶ ሳቀና በሩን ከፍቶ ሆዱን አሳየኝ።

«ሳንቲሙ በዚህ ይወርዳል። ክብደቱንና ስፋቱን ይለካዋል። ካልሆነለት ይተፋዋል። ከሆነለት ይቺ ሞተር ሽቦውን ታዞራለች፤ ሽቦው ጣሳውን ይገፋል፤ ጣሳው ይወድቃል። ኤን ብዓያ፣ እህቴ!» አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው።

«ሳንቲም ካልገባስ?»

«ሳንቲም ካልገባማ ምን በወጣው ይሠራል?»

ይቺ ቃል ጠላ እንደጠጣ ሰው አረጋጋችኝ። በሰንበት ከእኛ ሰው ገንዘብ የሚነካ የለም። ሳንቲም ካልገባ ማሽኑ አይሠራም። እንግዲያው ሰንበትን በራሱ ያከብራል ማለት ነው። ለማንም ሳልናገር በዚሁ ተጽናናሁ።

እንዲህ ያስጨነቀኝ የአባቴ ነገር ነው። አባቴ በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እዚህ ከመጡ ወዲህ ማረሻ የሚያሠራቸው፣ ማጭድ የሚያሳላቸው ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ሥር ተቀምጠው የሰው ልብስ ማስጫ ያያሉ። ከቤት የሚወጡት ለሰንበት ጸሎት ብቻ ነው። ያን ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ ሳይ የድሮው አባቴ ናቸው። ማሽኑ በሰንበት ሠርቶ ያቺ አንዲት መውጫ ከተዘጋች አባቴ ከዚያ ወንበር በእግራቸው እንደማይነሡ ልቤ ያውቀው ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቅዳሜ ጠዋት ቄሱ ጸሎቱን አሳርገው ሁሉም ጸጥ ባለበት ሰዓት ከመተላለፊያው ግው የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ማሽኑ ማጓራት ጀመረ። እኔ ከሴቶቹ ጋር በሩ አጠገብ ነበርኩ። ሳንቲም ያስገባ የለም፤ ግን እየሠራ ነው!

አባቴ ቀና አሉ። የብረት ድምፅ ከእሳቸው አያመልጥም። ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።

«ማነው በሰንበት የሚሠራ?»

«ማንም አይደለም አባባ። ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑንስ ማን አዘዘው?»

ማሽኑ ዝም አለ፤ እሰየው ስል ደግሞ ጀመረው። በሰንበት ደፍሮ የሚነካው አልነበረም፤ እኔም አልደፈርኩም። አባቴ ጥቂት አዳመጡና ዱላቸውን አንሥተው ወጡ።

ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ «ከእንግዲህ ከቤቴ እጸልያለሁ» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጡ በተሻለኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ኃላፊዋ ፊት ቆምኩ። ከሥራ ታባርረኛለች ብዬ ፈርቻለሁ። በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ ማሽኑ በሰንበት እንደሠራና አባቴ ከእንግዲህ እንደማይመጡ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ቴክኒሻኑን ጠራችው።

«እሱ እኮ ማቀዝቀዣው ነው፤ ሙቀት ሲሰማው በራሱ ይነሣል» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ከዚያ ከጀርባው ያለውን ሶኬት አሳየኝ። «ዓርብ ንቀይው። መጠጡ ይሞቃል እንጂ ሌላ የሚሆን ነገር የለም።»

ለአባቴ ይህንኑ ነገርኳቸው። «ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እነቅለዋለሁ። መጥተው በዐይንዎ ይዩት» አልኳቸው። ፊታቸውን ከመስኮቱ አላነሡም።

ዓርብ አዳራሹን ጠርጌ ጨርሼ ሶኬቱ አጠገብ ቆምኩ። የፋብሪካ ሠራተኞች ቤታቸው ከገቡ ቆይተዋል፤ አውቶቡሱም ለሰንበት መመላለሱን አቁሟል። ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች። ልንቀለው? ነቅዬው ቢመጡ ምን ያያሉ? ልተወው? ሳይመጡ ሰንበት ቢገባስ? ወደ በሩ እሄዳለሁ፣ ወደ ሶኬቱ እመለሳለሁ። በመጨረሻ እጄን ሰደድኩ።

«ቆይ» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

አባቴ ናቸው። ደረጃውና መንገዱ አድክሟቸው ያለከልካሉ። ከመጣን ጀምሮ በአዘቦት ቀን ብቻቸውን ሲወጡ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

«የት ነው ትንፋሹ?» አሉ። አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ሶኬቱን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። መብራቱ ጠፋ፤ ማሽኑ አንዴ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። አባቴ መዳፋቸውን ከጎኑ ላይ አሳርፈው ቆዩ። በአገራችን ዓርብ ዓርብ ወናፉን ፈትተው ሲያስቀምጡም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

«በየዓርቡ እኔ እመጣለሁ» አሉ። «ይህ የኔ ሥራ ነው።»

«እሺ አባባ። ግን መጠጡ ሙቆ ቢበላሽስ? ኃላፊዋ እሑድ ብትቆጣስ? ደግሞ መልሼ ስሰካው እምቢ ቢል…»

አባቴ ዞር ብለው እስክጨርስ አዩኝ። ከዚያ የአዳራሹን ቁልፍ ከእጄ ወሰዱ።

«እሱስ አረፈ» አሉ። «አንቺስ፣ የኔ ልጅ?»