ምላስ የመረመርሁበት ረመዳን

ይህን ለሚስቴም ነግሬ አላውቅም። አንተ አንባቢዬ ግን ፊትህን ስለማላየው ልንገርህ። እኔ ልጅ መትቻለሁ። በረመዳን፣ በቁርአን ስም፣ በወይራ አርጩሜ መትቻለሁ።

ጊዜው ጋፋት ላይ የንጉሡ መድፍ ይሠራ የነበረበት ነው። እኔ ደብረ ታቦር፣ እስላሞች ሰፈር፣ ልጆችን ቁርአን አስቀራ ነበር። ጢሜ በቅጡ ሳይሞላ «ሼሁ» ስባል ልቤ አበጠ።

በረመዳን በየቀኑ ልጆቹን አሰልፌ ምላስ አስወጣ ነበር። የጾመ ምላሱ ይነጣል፣ የበላ ይቀላል ብዬ። ከየትኛው ኪታብ አገኘሁት? ከየትም! ልጆቹ እርስ በርስ የሚጫወቱትን ጨዋታ ወስጄ ሕግ አደረግሁት። የሸማኔው ልጅ ዘይነባ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ምላሷ ሁልጊዜ ቀይ ነው። እሷ መዳፏን ትዘረጋለች፣ እኔ እገርፋለሁ። ልጅ እስኪጎለምስ ጾም ግዴታ እንደሌለበት አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። አስተምርም ነበር!

እኔስ? እኔማ ከቀትር በኋላ ጓዳ ገብቼ የማር ብርዝ እጠጣለሁ። ለራሴ «አዞረኝ» እላለሁ። ረመዳን ሲገባ ያዞረኛል፣ ረመዳን ሲወጣ ይተወኛል።

አንድ ቀን ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ሼህ ልጆቹን ሊያዩ ገቡ። እኔም ምርመራዬን በኩራት አሳየኋቸው። የዘይነባ ተራ ደርሶ አርጩሜውን ሳነሳ አንዲት ንብ መጥታ ጢሜን ትዞር ጀመር። እሽ እላታለሁ፣ ትመለሳለች። በአርጩሜው ብሰነዝርባት የራሴን ጥምጣም አወረድሁት። ልጆቹ ሳቃቸውን አፍነው ሊፈነዱ ደረሱ።

«ምን ፈልጋ ነው ይቺ ንብ?» አሉ ሽማግሌው።

«ብርዙን ነዋ» አለች ዘይነባ። «ሼሁ ጓዳ ገብተው ሲጠጡ ሁልጊዜ አያቸዋለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሳቸውም እንዳይገረፉ ብዬ።»

የሚስቅ ጠፋ። ሽማግሌው አርጩሜውን ከእጄ ወሰዱ።

«ነቢያችን ለልጆች የማያዝን ከእኛ አይደለም ብለዋል» አሉኝ። «አንተ የማን ነህ?»

ያን ቀን የጾምሁ መስዬ ተጋልጬ ማፈሬ ቀላሉ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ለእኔ ስታዝን እኔ ለእሷ አለማዘኔ ነው የሚያቃጥለኝ። እኔ ነኝ የመታኋት፤ ረኃቡ አይደለም፣ ወጣትነቴም አይደለም።

አላህን ለምኛለሁ። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካላለፈው አይታለፍም። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በኋላ ዘይነባ አግብታ ወደምትኖርበት ወደ ገሳይ ሄድሁ። በአክብሮት ተቀበለችኝ፣ አጎዛ አነጠፈችልኝ። አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻት። ልጅቱ ወደ እኔ ስትመጣ ልመርቃት ብዬ እጄን አነሳሁ።

ዘይነባ ብድግ ብላ ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበቻት።

አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልላት ሄጄ ሳልላት ተመለስሁ። ልጇን ከእጄ በማራቋ ደግ አደረገች።