ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ሰው

አለፍኩ! ትናንት የስምንተኛ ክፍል ውጤት ወጣ፤ እንግሊዝኛንም አልፌያለሁ። እንደኔ እንግሊዝኛ ለከበዳችሁ ተማሪዎች ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

አምና የጣለኝ እሱ ነበር። አባቴ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጫማውን እየፈታ፣ «ዘንድሮም ካልሆነልሽ ሲሬ አክስትሽ ሻይ ቤት ትገቢያለሽ። እሷም ሰው ቸግሯታል» አለ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሲሬ የሚሄድ ሚኒባስ ጥሩምባውን ባሰማ ቁጥር ጆሮዬን እይዝ ጀመር።

እኛ ክፍል የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚጠኑት በዜማ ነው። መምህሩ ሰሌዳውን በዱላ ሲነካ ሰባ ልጅ ባንድ ድምፅ፣ «ቦሮው መዋስ፣ ሌንድ ማዋስ! ብሪንግ ማምጣት፣ ቴክ መውሰድ!» እንላለን። ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ፈተና ላይ ግን ዜማ የለም። አንዱ ቃል ሲመጣ ሌላው ተጣብቆበት ይመጣል፤ የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋኛል።

አንድ ቀን የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ከሃያው ሦስት ብቻ አገኘሁ። ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ፣ «ሲሬ ስትገቢ ሻይ በነፃ ነው አይደል?» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያለቀልኝ መሰለኝ።

ዓይኔ እንዳበጠ እናቴ ጋ ገበያ ሄድኩ። የጎጃም ሰው ናት፤ ሽንኩርት ትሸጣለች። አንዷን ደንበኛ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ፣ ኦቦሌቲ» ብላ ሳትጨርስ፣ ዞር ብላ ሌላዋን «እንዴት ዋልሽ እህቴ» ትላለች።

«እማ፣ ሁለቱ ቋንቋ አይምታታብሽም?»

«ሰዉን እያየሁ? ቃሉ እኮ ፊቱን ሳይ ነው የሚመጣልኝ። አንቺ ሰው የሌለበት ወሬ ትሸመድጃለሽ፤ እንዴት ይያዝልሽ?»

በዚያው ዜማውን ተውኩት። ሌንድ ወንፊቷን የምታውሰን የባኬ ጃማ ሰፈር ጎረቤታችን ሆነች፤ ቦሮው በሯ ላይ ቆሜ የማፍረው እኔ። ብሪንግ ከቡርቃ ጃቶ ወተት የሚያመጣልን ሰውዬ ነው። ቴክ ደግሞ እኔን ሊወስደኝ የሚጠብቀው የሲሬው ሹፌር።

የፈተናው ቀን ቴክ ወጣ። ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ ታየኝ። መልሱን ግን አልሳትኩትም።

እናቴ፣ «ቃል የከበደው ሁሉ ቅዳሜ ገበያ ይምጣ፤ ሽንኩርት እየለቀመ ይማራል» ብላለች። የሚያስለቅሷችሁን ሁለት ቃላት ይዛችሁ ኑ። ሰው እናገኝላቸዋለን።