ከከበሮው ማዶ የነበረው ወንድሜ

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ ገበያ ኮርቻ ከሚሰፉት ሰዎች አጠገብ ሳልፍ፣ አንዱ ሰውዬ እርጥብ ጠፍር ከፍም በላይ ይዞ እያገላበጠ ያደርቅ ነበርና የሞቀ ቆዳ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። ቆምኩ። ሰውዬው የምገዛ መስሎት «ኮርቻ ነው ወይስ ልጓም፣ መምህር?» አለኝ። «ምንም» ብዬ አለፍኩ። ለእኔ ያ የኮርቻ ሽታ አልነበረም። በእንጅባራ ብርድ የረገበ የከበሮ ቆዳ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ደጃፍ ፍም ላይ ሲሞቅ እንዲሁ ይሸት ነበር፤ ከከበሮው አጠገብ ደግሞ ወንድሜ ቁጭ ብሎ ቆዳውን በጣቱ መታ እያደረገ ያዳምጥ ነበር።

ወንድሜን አያ ስንሻው እለው ነበር። ባለፈው ክረምት ወደ ጓንጓ ቆላ ወርዶ በወባ ታመመና ሞተ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። መጻፍ የፈለግሁት አብረን ደስ ስላለን አንድ ዓመት ነው።

ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ቀርከሃ በከበበው ዳገት ላይ ነበር። አባታችን ገበሬና ፈረሰኛ ነበር። እናታችን ስትቆጣ በአገውኛ ትቆጣን፣ ሰው ፊት ስትሆን ደግሞ በአማርኛ ታሞግሰን ነበር። አያ ስንሻው ዲያቆን ሆኖ ከቤታችን በላይ ባለው ጊዮርጊስ ከበሮ ይመታ ነበር። ከበሮ መምታት ቆሞ ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። ካህናቱ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው በሁለት ረድፍ ትይዩ ይቆማሉ፣ ሁለት ከበሮ መቺዎች በመካከላቸው ይገባሉ፣ ወረቡ በዝግታ ይጀመርና እየፈጠነ ሄዶ በመጨረሻ ሁለቱ መቺዎች ያን ከባድ ከበሮ ባንገታቸው እንዳነገቱ ይዘላሉ፣ ይዞራሉ፣ ወደ ፊት ሄደው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ምቱ ግን፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው አንድ ከበሮ ብቻ ነው ያለው እስኪል ድረስ፣ መግጠም ነበረበት።

በዚያ ዓመት ክረምት የአያ ስንሻው ጥንድ የነበረው ዲያቆን አግብቶ ግምጃ ቤት ወደሚባለው አገር ሄደ፣ ወንድሜም ብቻውን ቀረ። መሪጌታችን፣ እኛ የኔታ የምንላቸው፣ ዝናብ እየወረደ ገሳቸውን ሳያወልቁ ደጃችን ላይ ቆመው ተናገሩ።

«ባንድ ከበሮ ወረብ አይወጣም። ለጥር ጊዮርጊስ ከአዘና ሁለት የለመዱ ልጆች አመጣለሁ፤ አንተ ጸናጽል ትይዛለህ።»

አያ ስንሻው ፊቱ ተለዋወጠ። የአዘናዎቹ አንዴ ከገቡ ከበሮውን እንደማይለቁት ያውቅ ነበር።

«የኔታ፣ ወንድሜ አለልዎት እኮ» አለ።

«ማን? አላምነህ? ይህ ቀጫጫ? ከበሮው ነው እሱን የሚያነግተው!»

«እስከ ጥር ይስጡኝ።»

«እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል። ያን ዕለት እሰማዋለሁ፤ ካልሆነ ወደ አዘና እልካለሁ።»

እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እየሰማሁ ነበር። ደስ አለኝ ወይስ ፈራሁ፣ አሁን ሳስበው ሁለቱም ነበሩ መሰለኝ።

የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ከግቢው ስለማይወጣ አያ ስንሻው የቀርከሃ ቅርጫት አመጣና ድንች ሞላበት፣ በጠፍር አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝና በቤታችን ጓሮ ያዘልለኝ ጀመር። ድንች ከወደቀ ከመጀመሪያው እንጀምር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየዘለልኩ ድንች እበትን፣ ዶሮዎቹ ይሸሹኝ፣ እናታችን ደግሞ ማጀት ሆና ትስቅ ነበር።

«እኔ ድንቹን ልቀቅለው ነበር ያስቀመጥኩት፤ እናንተ ዲቁና ሰጣችሁት!»

አባታችን ይህን ሲያይ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። በእኛ አገር ጥር ጊዮርጊስ የፈረሰኞች በዓል ነው፤ የጎረቤት ልጆች ያንን ዕለት የአባታቸውን ፈረስ ሲጋልቡ የእሱ ሁለት ወንዶች ልጆች ግን እግረኛ ነበሩ። «ሰው ፈረስ የሚጋልብ ልጅ ይወልዳል፤ እኔ ከበሮ የሚጋልባቸውን ወለድኩ» ይል ነበር፤ ግን ጠፍሩ አንገቴን እንዳይልጠው ከኮርቻው ስር የሚነጠፈውን ለስላሳ የበግ ቆዳ ቆርጦ የሰጠኝ እሱ ነው።

አያ ስንሻው ብዙ አይናገርም ነበር። ከተናገራቸው ጥቂት ነገሮች አንዱን አልረሳሁትም። አንድ ቀን ደክሞኝ ጥርሴን ነክሼ ስዘል አስቆመኝና ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ከበደኝ።»

«ለእኔም ይከብደኛል። ክብደቱን ከወገብህ በታች አስቀረው። ፊትህ ላይ ካወጣኸው ሕዝቡ አብሮህ ይደክማል፤ ሕዝቡ የመጣው ደስ ሊለው ነው።»

ክረምቱ አልፎ ገብሱ ሲታጨድ ልምምዱን ወደ አውድማው ወሰድነው። በእበት የተለቀለቀ አውድማ ለባዶ እግር እጅግ ይመቻል፤ አያንሸራትትም፣ አይቆረቁርም። ጠዋት ጠዋት በሬዎቹ ሳይገቡበት እኛ እንገባበት ነበር። ድንቹ በድንጋይ ተተካ፣ ቅርጫቱም ከብዶ ከበሮውን አከለ። እኔም ሳላውቀው ትከሻዬ ሰፍቶ፣ እናቴ ሸሚዜ ሲጠበኝ አይታ «የማን ልብስ ነው ይህ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ያልያዘልኝ ምቱ ብቻ ነበር። እጄ ከእጁ እኩል አይወርድም ነበር፤ ወይ እቀድመዋለሁ ወይ እዘገያለሁ። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ ግን ውርጭ ወረደ። የእንጅባራን የታኅሣሥ ጠዋት የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳኝ ይችላል፤ ሣሩ ነጭ ይሆናል፣ ሰው ሲናገር ከአፉ ጭስ ይወጣል። አያ ስንሻው ከእያንዳንዱ ትልቅ ምት በፊት አየር ይስብና ከምቱ ጋር በአፉ ያስወጣው ነበር። አንድ ጠዋት ያ ነጭ ትንፋሽ ብቅ ሲል እጄን ጣልኩ፣ ገጠመ። ደግሜ ጣልኩ፣ ገጠመ። አያ ስንሻው ሳያቆም ሳቀ፤ እኔም ለምን እንደገጠመልኝ አልነገርኩትም፤ እንዲያው የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

በታኅሣሥ ገብርኤል ማለዳ የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በእውነተኛው ከበሮ አስመቱን። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጆሯቸውን ወደኛ፣ ዓይናቸውን ወደ ግቢው ዝግባ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ቀጫጫው አልወደቀም» አሉና ሄዱ።

ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነበር።

በጥር ጊዮርጊስ ዕለት በዕቃ ቤቱ ስንሰናዳ ያየሁትን ውጭ የቆመ ሕዝብ አያይም ነበር። ከበሮዎቹ ደጃፉ ላይ ፍም ፊት ተደግፈው ይሞቃሉ፤ አያ ስንሻው እያገላበጠ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ እየሳሳ፣ በጣቱ መታ እያደረገ ድምፁን ይሰማል። የተሰጠኝ ካባ ለትልቅ ሰው የተሰፋ ስለነበር ጫፉን አጥፎ በእሾህ ይይዝልኛል። አንገቴ ላይ የአባታችንን የበግ ቆዳ ያደርግና በነጠላ ይሸፍነዋል። መፍራቴን አይቶ እንዳላየ ሆኖ «ፍሙን አራግብልኝ» አለኝ፤ ሳራግብ ረጋሁ።

የማኅሌቱ ወረብ ሊነጋጋ ሲል ነበር፤ ብርዱ በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ እንኳ ይታይ ነበርና የወንድሜ ትንፋሽ ከከበሮው ማዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ እጄ ይወርዳል፣ ይገጥማል። በዚያ ሰዓት ዓለሙ ሁሉ የእኔ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሴው አልቆ ታቦቱ ሲወጣ ግን ፀሐይ ከፍ ብላለች። ሜዳው ላይ ፈረሰኞቹ ተሰልፈዋል፣ አባታችን በፈረሱ ላይ ሆኖ አንገቱን ያሰግጋል፣ የአዘና ልጆችም በእንግድነት መጥተው መቋሚያ ይዘው ከረድፉ መጨረሻ ቆመዋል። ወረቡ ተጀመረ። በዝግታው ክፍል ምንም አልሆንኩም። መፍጠን ሲጀምር ወደ አያ ስንሻው አፍ አየሁ፤ ምንም የለም። ፀሐይዋ ትንፋሹን ወስዳዋለች። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ የሚታይ ነገር ግን አይወጣም። እጄ ዘገየ። ልይዘው ስቸኩል ቀደምኩት። ከአዘና ልጆች አንዱ ለጓደኛው «ጠፋበት» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። የኔታ ወደ ልጆቹ ዞር አሉ። ያ መዞር ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል፤ አያ ስንሻው በዚያች ቅጽበት ከበሮውን እያጣው ነበር፤ የሚያጣውም በእኔ ነበር።

በሁለት ከበሮ መቺዎች መካከል የመቋሚያ ቁመት ያህል ቦታ ይተዋል፤ ከጥንት የነበረ ወግ ነው። አያ ስንሻው ያን ቦታ ተወው። እየዘለለ፣ ምቱን ሳያቋርጥ፣ ፊቱም እንደፈካ፣ ከበሮው ከበሮዬን ሊነካ እስኪል ድረስ መጣና ራሱን ዝቅ አደረገ። ግንባሬ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማኝ። ትንፋሹ ነበር። ከዚያ በኋላ ማየት አላስፈለገኝም፤ ግንባሬ ሲሞቅ እጄ ይወርድ ነበር። እንደዚያ ተቀራርበን አብረን ዞርን፣ አብረን ዘለልን፣ ሴቶቹም ይህን አዲስ አመታት ሲያዩ እልልታውን አቀለጡት። ከእልልታው ውስጥ የእናቴን ለይቼዋለሁ።

ዕቃ ቤት ገብተን ካባውን ስናወልቅ ጠፍሩ የበግ ቆዳውን አልፎ አንገቴን ልጦት ነበር። አያ ስንሻው በውኃ ሲያጥብልኝ የእሱን አንገት አየሁ፤ እንደ በሬ ጫንቃ ደንድኖ ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት እየኖርን አላየሁትም ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?» አለኝ።

«ትንፋሽህ ጠፋብኝ።»

«የምን ትንፋሽ?»

ነገርኩት። ግድግዳውን ይዞ እስኪታጠፍ ድረስ ሳቀ።

«እኔ እኮ እግሬን የምታይ መስሎኝ፣ ስንት ጊዜ እግሬን ሳሳምርልህ!»

«ታዲያ ለምን ቀረብከኝ?»

«ልትወድቅ መስሎኝ ነዋ! ልይዝህ ነው የመጣሁት።»

የኔታ ገብተው ሁለታችንንም አዩን። «ያን መቀራረብ ማን አስተማራችሁ?» አሉ። አያ ስንሻው መሬት መሬት አየ፣ እኔም እሱን ተከትዬ መሬት አየሁ። «ይቀጥል» አሉን። የአዘና ልጆች በዚያው ማታ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አባታችን ስለ ከበሮው አንድም ቀን አመስግኖን አያውቅም ነበር። ያን ዕለት ፈረሱን እየሳበ ከኛ ጋር በእግሩ ሲመለስ ግን፣ ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ወደኛ ሳያይ «አዲስ ፈረስም የሚገራው እንደዚያ ነው፤ ከለመደው ጎን አስጠግተህ» አለ። አያ ስንሻው በክርኑ ነካኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ከበሮ ስለማይመታ ሁለቱም ከበሮዎች በጨርቅ ተሸፍነው ዕቃ ቤት ተሰቀሉ። እኛ ግን ልማዱ አልለቅ ብሎን መደቡን በጣታችን መታ መታ እናደርግ፣ እናታችንም «ጾሙን ልታስገድፉኝ ነው!» ብላ ማማሰያ ታነሳብን ነበር። ትንሣኤ ሲመጣ ከበሮዎቹ ወረዱ፣ እኛም ጥንድ ሆነን ቆየን፤ እኔ ዳንግላ ትምህርት ቤት ከገባሁም በኋላ ለጥር ጊዮርጊስ ሳልመለስ የቀረሁበት ዓመት አልነበረም።

አሁን ዳንግላ አስተምራለሁ። በዘንድሮው ጥር ተመልሼ ዕቃ ቤት ስገባ ፍሙ ነዷል፣ ከበሮዎቹ ተደግፈዋል፤ የኔታ አርጅተው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ትልቁንም ከበሮ በመቋሚያቸው ጠቆሙኝ። የአያ ስንሻው ነበር። በእኔ ቦታ የቆመው የአጎታችን ልጅ ገና ለጋ ነው፤ ካባውን አጥፌ በእሾህ ያዝኩለት። ሜዳው ላይ ወረቡ ሲፈጥን ሁለት ከበሮዎች መቀራረብ በእኛ ጊዮርጊስ ዛሬ ወግ ሆኗል፣ ትንንሾቹ ከጥንት የመጣ ይመስላቸዋል። ልጁ እንደተማረው ቀረበኝ። ፊቱ ጭንቅ ብሎት ነበርና እኔም ከወጉ ትንሽ አልፌ ተጠጋሁት፣ ራሴን ዝቅ አደረግሁ፣ ግንባሩ ላይ ተነፈስኩ። እጁ ከእጄ እኩል ወረደ።

ያኔ ትንፋሹ ከማዶ ይመጣልኝ ነበር፤ አሁን ከእኔ ይሄዳል። በቀረው ብዙም የተለወጠ ነገር የለም፤ ዝግባውም አለ፣ ፈረሶቹም አሉ፣ እናቴም እልል አለች፣ ድምፅዋ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። ከበሮው ከመቼውም ይልቅ ከብዶኝ ነበር። ሕዝቡ የመጣው ደስ ሊለው ስለሆነ ክብደቱን ከወገቤ በታች አስቀረሁት።