የእትዬ ሳሮጃ የእግር ቃጭል

ዛሬ ጠዋት የበረዶ ቦቲዬን ፍለጋ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተጎንብሼ ሳለሁ እጄ አንዲት ቀይ የጨርቅ ከረጢት ነካና ቅጭልጭል አለች፤ እኔም እዚሁ ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል ሰፈር ባለው ቤቴ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር በዘጠናዎቹ ወደነበርንበት ወደ አቢዴል ሰፈር በሐሳቤ ተመለስኩ።

እዚያ ከተከራየነው ቤት ጎን እትዬ ሳሮጃ የሚባሉ ህንዳዊት የዳንስ አስተማሪ ነበሩ። እትዬ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ በዕድሜ የሚበልጡኝን ሴት በባዶ ስማቸው መጥራት አፌ እምቢ ቢለኝ ነው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸውና፣ የሚያስተምሯቸው የህንድ ልጆች ሁሉ እትዬ ይሏቸው ጀመር። በአገራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በትልልቅ መድረኮች የጨፈሩ ሴት ናቸው፤ ፎቶዎቻቸው ምድር ቤታቸው፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ከማሞቂያው ቱቦ ሥር ተሰቅለው ነበር። ካልጋሪ ግን ቀን ቀን ልብስ መደብር ውስጥ ሱሪ እያጣጠፉ፣ ሲመሽ እዚያ ቤዝመንት ቁጭ ብለው በዱላ እንጨት እየመቱ ለልጆች የእግር ምት ያስተምሩ ነበር።

እኔ የማታ ሺፍት ስለነበረኝ ልጄ ሊያ የምታመሸው እሳቸው ዘንድ ነበር። ፈሪ ነኝና በብሬክ ሰዓት እየደወልኩ ምድጃው ጠፍቶ እንደሆነ፣ ካልሲ አድርጋ እንደሆነ፣ ያ የሲሚንቶ ወለል ጉልበቷን ጎድቶት እንደሆነ እጠይቃለሁ። እሳቸውም በዚያ በተሰባበረው እንግሊዝኛችን፣ “የሊያ እናት፣ ልጅሽ አለች፣ ላብ በላብ ሆናለች፣ አሁን ስልኩን ዝጊ” ይሉኛል። መጀመሪያ ቀን ዳንሳቸውን አይቼ “ልክ እንደ ህንድ ፊልሙ ነው” ብላቸው ግን ዱላውን አስቀምጠው “ይህ የፊልም ጭፈራ አይደለም” አሉኝ፤ ሁለተኛ አልደገምኩትም።

ችግሩ የሊያ ትከሻ ነበር። የእሳቸው ዳንስ ከወገብ በላይ ቀጥ ማለትን ይፈልጋል፤ ልጄ ደግሞ እቤት በካሴት እስክስታ ስትመታ ያደገች ናትና እግሯ ሲሞቅ ትከሻዋ ይነሳል።

“ትከሻ! ሊያ፣ ትከሻ!”

“እትዬ፣ እኔ አይደለሁም፣ ራሱ ነው!”

አንድ ቀን ልወስዳት ስገባ፣ “ይህን ትከሻ የሰጠሻት አንቺ ነሽ፣ እስቲ አሳዪኝ” አሉኝ። እያፈርኩ፣ ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ መታሁት። እሳቸውም ተነስተው ሞከሩ፤ አንገታቸው ሄደ፣ ዓይናቸው ሄደ፣ ትከሻቸው ግን ንቅንቅ አላለም። “ዕድሜ ልኬን አትንቀሳቀስ ስለው ኖሬ፣ ዛሬ ተንቀሳቀስ ስለው ይሰማኛል?” ሲሉ ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

በእሳቸው ሥርዓት ተማሪ የእግር ቃጭል የሚያስረው አስተማሪው ደርሷል ብሎ ሲሰጠው ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ማሰር ነውር ነው። ሊያ ያን ቀን እንደ ገና በዓል ስጦታ ትጠብቀው ነበር። እሱ ሳይመጣ ግን የእትዬ ሳሮጃ ጉልበት ደከመና፣ ሩቅ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው መጥቶ ወሰዳቸው። ሊሄዱ ሲሉ ቃጭሉ ያለባትን ቀይ ከረጢት ለሊያ ሳይሆን ለእኔ ሰጡኝ።

“ገና ናት። እግሯና ትከሻዋ ሲስማሙ አንቺው እሰሪላት።”

“እትዬ፣ አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሴት ይህን በምን አውቃለሁ?”

“እናቷ አይደለሽ? ስታዪው ታውቂዋለሽ።”

ለዓመታት በበዓል በተደዋወልን ቁጥር “ደረሰች?” ይሉኛል፤ እኔም “ገና ናት፣ እትዬ” እላለሁ። ሊያ ወደ ባስኬትቦሉ ሄደች፣ እኔ ከረጢቷን ቤት በቀየርን ቁጥር ይዤ ዞርኩ። አንድ በዓል ላይ ስደውል ቁጥሩ አይሠራም አለኝ።

ሊያ አድጋ፣ ሥራ ይዛ፣ አገባች። በሠርጓ ሙዚቃው ሲሞቅ ጫማዋን አውልቃ፣ ቬሎዋን ሰብስባ ገባችበት። ትከሻዋ የእኛው እስክስታ ነው፤ እግሯ ግን ወለሉን የሚደበድበው ልክ ያ ዱላ እንጨቱን ሲመታ እንደነበረው ነው፣ እሷ ራሷም ልብ ያለችው አይመስለኝም። ሰው “ይሄ ደግሞ የየት ነው?” እያለ ሲያጨበጭብ፣ እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። እንዳሉት፣ ሳየው አወቅኩት። ቃጭሉ ግን እቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር።

አሁን ልጄ ከካልጋሪ ወጣ ብላ ኤርድሪ ነው የምትኖረው፤ የፊታችን ቅዳሜ ስትመጣ እግሯን ዘርግታ እንድትቀመጥ አደርግና አስርላታለሁ። ቃጭሎቹ የተሰፉበት ቆዳ ደርቋል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። “ደርሳለች፣ እትዬ” የምልበት ስልክ ብቻ ነው የሌለኝ።