ጨጓራዬን አያመኝም

ዶክተሩ የአልትራሳውንዱን ወረቀት ይዞ እናቴን በእርጋታ ሊያስረዳት ሞከረ። ከደባርቅ ጎንደር ድረስ ያመጣኋት ሆዷ አብጦ አላስተኛ ስላላት ነበር። እብጠቱ በሁለቱም የእንቁላል ማምረቻዎቿ ላይ ተገኘ። «እዚያው የበቀለ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ ተነሥቶ የመጣ? መጀመሪያ እሱን መለየት አለብን» አላት። «እዚያው የበቀለ ከሆነ በቀዶ ጥገና እናወጣዋለን። ከሌላ የመጣ ከሆነ ግን ምንጩን ሳናውቅ ብንቀድዎ አይጠቅምዎትም።»

እናቴ ከጃናሞራ ወደ ደባርቅ የተዳረችው ገና በልጅነቷ ነው። የልጅ ልጅ አይታ እንኳ ጎረቤቱ እስካሁን «የጃናሞራዋ» ነው የሚላት። «ስንት ዘመን ቢቀመጥ ነው እንግዲህ የአገሩ ሰው የሚባለው?» ብላ ጠየቀችው። ዶክተሩ ሳቀ። እኔ ፈርቼ ስለነበር አልሳቅሁም።

«እንዲህ በሁለቱም በኩል ሲሆን ጨጓራንም እንጠረጥራለን። ጨጓራዎን ያምዎታል?»

«ኧረ አያመኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ተልባ ሳትጠጣ የማትውል፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ «ጠገብሁ» የምትል ሴት ናት። ለምን እንደካደች ግን አላጣሁትም። ጨጓራ አለብኝ ያለ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ ሆድዎን ባዶ አያድርጉ። ሁዳዴ ደግሞ ሊገባ ነው። እሱ ሕይወቷን ለማትረፍ ይጠይቃል፣ እሷ ጾሟን ለማትረፍ ትመልሳለች።

«ዶክተር፣ ጨጓራዬን ጨጓራዬን ስትል ነው የከረመችው» አልሁ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ደባርቅ ስንመለስ ዳባት እስክንደርስ አላናገረችኝም።

በሌላ ቀን በጉሮሮዋ ካሜራ አስገብተው ጨጓራዋን አዩ፤ ናሙናም ወሰዱ። ካንሰሩ የተነሣው ከዚያ ኖሯል። ቀዶ ጥገናው ቀረና የካንሰር መድኃኒት ታዘዘላት። ዶክተሩ «ምንጩን አገኘነው» ሲለኝ እንኳን ደስ ያለሽ የሚል ይመስል ነበር። አመሰገንሁት፤ ሌላ ምን ይባላል? ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስሁ።

የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት ቤት መጡ። ጾሙን ፈቱላት። ቀጥለውም «ለመሆኑ ከጨጓራሽ መነሣቱን ሐኪሞቹ በምን አወቁት?» አሉ።

እናቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «አሳባቂ ከውጭ ይመጣል ብለው ነው አባቴ? ይችው ከሆዴ የወጣችው ናት።»

ሁዳዴ የገባ ዕለት ጠዋት ገንፎ ሠርቼ አቀረብሁላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በላችው።