ደርሶ መልስ ካሴት

የናፍታሌን ሽታ አልወድም። ባለፈው ክረምት እናቴ ካረፈች በኋላ ሳጥኗን ስከፍት ግን መጀመሪያ የተቀበለኝ እሱ ነው። ከሽታው ሥር የታጠፈ ቡልኮ ነበር፣ ከቡልኮው እጥፋት ውስጥ ደግሞ በቁራጭ ሸማ የተጠቀለለ አንድ ካሴት። ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም፤ በቤታችን ያኔ መጻፍ የሚችል ሰው አልነበረም። እኔ ግን ገና ሳየው አወቅኩት። ልጄ ምሕረት «እማዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ስታነሳው ጮህኩባት፤ አኮረፈች። የወንድ አያቷ ድምፅ ያለበት ካሴት ነው ብዬ ሳስረዳት ደግሞ «ታዲያ በስልክ እንገልብጠዋ!» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

የአባቴ ፎቶግራፍ የለንም። ልጆቼ ሲጠይቁኝ ቁመቱን፣ አረማመዱን፣ ሲስቅ ዓይኑ እንዴት እንደሚጠፋ እነግራቸዋለሁ፤ ድምፁን ግን ረስቼዋለሁ። ሰው የአባቱን ድምፅ ይረሳል? ይረሳል። ወፍራም እንደነበር ብቻ ነው የቀረኝ። ስለዚህ ያቺ ካሴት ውስጥ ያለችው ቡናማ ክር እንዳትበጠስብኝ እንደ እንቁላል ፈራሁላት፤ ማታ ትራሴ ሥር አድርጌያት ተኝቼ፣ ብትሰበርስ ብዬ ተነስቼ መልሼ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ያደግኩት ኦቾሎ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ላይ፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል ከሚያየው ሸንተረር ላይ። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እንደ ብዙዎቹ የመንደራችን ወንዶች አዲስ አበባ ሄዶ ሽሮ ሜዳ ይሠራል፣ ለመስቀል ብቻ ይመጣል። እሱም እናቴም ፊደል አልቆጠሩም። ደብዳቤ ማስጻፍ የቤትን ጉድ ለሰው መንገር ነው ትል ነበር እናቴ፤ በካሴት የሚመጣውን የአባቴን ድምፅ ግን መንደሩ በሙሉ ተሰብስቦ ነበር የሚሰማው።

የሚሰማውም ጋሽ ማልዴ ቤት ነው። ጋሽ ማልዴ የጥጥ ነጋዴ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በደጉ ጊዜ ባለ ጡሩምባ የሸክላ ማጫወቻ ከአዲስ አበባ በጭነት አስመጥተው ነበር ይባላል። እኔ ሳውቀው ሞላው ተሰብሮ፣ ጡሩምባው ጥግ ላይ ተጋድሞ፣ አንዲት ቀይ ዶሮ እየገባች ትታቀፍበት ነበር። እሳቸው ግን አልጣሉትም፤ እንግዳ ሲመጣ ዶሮዋን አባርረው በነጠላቸው ይወለውሉታል። ኋላ ቴፕ ከገዙ በኋላ ለመንደሩ እንዲህ እያሉ ያስረዱ ነበር፦ «ሸክላ አፍ ብቻ ነው፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ይሄኛው አፍም ጆሮም አለው።» ከዚያ በኋላ እኛ ልጆች ቴፑ አጠገብ ስንደርስ ሐሜት አናወራም ነበር።

ከሽሮ ሜዳ ሰው ሲመጣ ካሴቷን ይዞ ይመጣል። እንሰበሰባለን፣ አባቴ ይናገራል፣ እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች፣ ሰዎቹ ሰላምታ በደረሳቸው ቁጥር ቴፑን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» ብለው ይመልሱለታል። ሰውየው ሲመለስ ደግሞ ያችኑ ካሴት ይዞ ይሄዳል። በእኛ አገር ጎረቤት በሳህን ቆጮ ቢልክልህ ሳህኑን ባዶውን አትመልስም፤ ጎመንም ቢሆን፣ ጨውም ቢሆን ታደርግበታለህ። እናቴ ካሴቷንም እንደዚያ ነበር የምታያት። ሞልታ መጥታለች፣ ሞልታ ትመለስ።

መጨረሻ የላክንለትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ልንልክለት የነበረውን ማለቴ ነው። ዝናብ ነበር። ጋሽ ማልዴ የመቅጃውን ቁልፍ ተጭነው በእጃቸው ጀምሪ አሏት። እናቴ አማቷ ፊት እንደቀረበች አቀርቅራ አንሾካሾከች።

«አንቺ ሴት፣ አዲስ አበባ እኮ ሩቅ ነው! ጮክ በይ እንጂ» ብለው ተቆጧት።

ጮኸች። ስለ ላሟ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ አጥሩ ተናገረች። እኔንም ገፋ አድርጋ የተማርኩትን ፊደል አስባለችኝ፤ «ሠ» ላይ ደርሼ ጠፋብኝ። ወሬው ሲያልቅ ጋሽ ማልዴ ሊያጠፉት እጃቸውን ሲሰዱ እናቴ ያዘቻቸው።

«ገና አልሞላም» አለች።

«ምን ልትይው ነው ታዲያ?»

«ምንም። ዝናቡንም ይስማ።»

ገልብጠው ሌላውንም ፊት ከፈቱላት። ተቀምጠን ዝም አልን። ይህ መጨረሻው እንደሆነ አላወቅንም። ካሴቷን የሚወስደው ሰው ሳይነሳ የአባቴ መርዶ መጣ፤ ካሴቷም ከእናቴ ጋር ቀረች። እኔም ከአራተኛ ክፍል በላይ ሳልማር ቀረሁ፤ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እናቴንም ከነሳጥኗ እኔ ዘንድ አመጣኋት። እንስማው ስላት ሁልጊዜ «ክሩ ይበጠሳል» ትለኝ ነበር። ጋሽ ማልዴም ሞቱ፣ ቴፑም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ካሴት ሁለት ፊት አለው። በልጅነት ሐሳቤ አንዱ ፊት የአባቴ፣ ሌላው የእኛ ነበር። ካደግኩም በኋላ ይህን የሚያርምልኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ካሴቷን ፀሐይ እንዳያገኛት በነጠላዬ ጠቅልዬ ከምሕረት ጋር ከላይኛው የአርባ ምንጭ ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ወረድን። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሾፌሩን «ቀስ በል» ስል ምሕረት አፈረችብኝ። ስልክ የሚጠግኑት ወጣቶች ካሴቷን እየተቀባበሉ ሳቁ። «ማዘር፣ ይሄ እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል!» አለ አንዱ። ሌላው ለሙዚየም ስጪው አለኝ። ፍላሽ አለሽ ወይ ያለኝም አለ። ዓለም ሁሉ ድምፅ በኪሱ ይዞ እየዞረ አንዲት ካሴት የሚያናግር ሰው ይጥፋ? እግሬ እስኪያብጥ ዞርኩ። በመጨረሻ መናኸሪያው አካባቢ አንድ ጠና ያለ ራዲዮ ጠጋኝ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ቴፕ አወጣ።

«እናቴ፣ ይተዉልኝና ነገ ይምጡ» አለኝ።

«አልሄድም።»

«ካሴቱን አልበላውም እኮ!»

«አንተ ባትበላው ማሽኑ ይበላዋል» አልኩና በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

ሳቀ፤ ግን ክሩን በእስክሪብቶ ቀስ አድርጎ አጠነጠነልኝ፣ የቴፑን ማንበቢያ ጭንቅላት በጥጥ ጠረገ፣ ከዚያ ከፈተው። መጀመሪያ እንደ ዘይት መጥበሻ ቸሰስ አለ። ቀጥሎ ወፍራም፣ ጎተት ያለ የሰው ድምፅ መጣ፤ ቃሉ ተስቦ ተስቦ አይለይም፣ ግን በጋሞኛ ሰላምታ እንደሆነ ገባኝ። እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። «አባቴ ነው» አልኩ። ምሕረት ስልኳን ወደ ቴፑ አስጠጋች፤ እሷም እንባዋ መጣ።

ጠጋኙ ጆሮውን አዘንብሎ ሰማና «ቆይ እናቴ፣ የሚያዞረው ላስቲክ ላልቷል፤ ለዚህ ነው የሚጎተተው» አለ። አጥፍቶ ፈታው፣ ከቆርቆሮ ውስጥ ሌላ ላስቲክ ፈልጎ አገባና እንደገና ከፈተው። ያ ወፍራም ድምፅ እየቀጠነ፣ እየፈጠነ ወጣና እናቴ ሆነ። ስለ ላሟ እየጮኸች ነበር።

ሌላኛውን ፊት ገልብጥልኝ አልኩት። ገለበጠው። ዝናብ። የጋሽ ማልዴ ሳል። ዝናብ። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ፤ አንድም የአባቴ ቃል የለም። ጠጋኙ ነው ያስረዳኝ፤ በተቀዳበት ላይ ሲቀዳ የፊተኛው ይጠፋል። ይህን ጋሽ ማልዴ ሳያውቁ አይቀሩም። ቢያውቁስ ምን ይሏት ነበር? ባልሽ ነገ ይሞታል፣ ድምፁን አስቀምጪ?

ምሕረት የሴት አያቷን የወጣትነት ድምፅ አገኘሁ ብላ ለወንድሞቿ ሁሉ በቴሌግራም ላከች። እነሱም ደስ አላቸው። እኔ ግን ተናደድኩ። የእናቴንማ ድምፅ እስካለፈው ክረምት በየቀኑ ሰምቼዋለሁ፣ እስኪሰለቸኝ። የምናደደው በእሷም ነው። እኔ የአባቴን ድምፅ ያስቀመጠችልኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ የጠቀለለችው ያልደረሰላትን መልእክት ኖሯል። ስንት ጊዜ አባቴ እዚያ ቤት መጥቶ ተናገረ፣ ስንት ጊዜ አልቅሰን ሰማነው፣ በማግሥቱ ደግሞ በላሟና በአጥሩ ወሬ ሸፈንነው። ባዶ መመለስ ነውር ነው ብለን። አንድ ጊዜ ባለጌ ብንሆን ምን ነበረበት!

አሁን ልጆቹ «የአያታችን ድምፅ እንዴት ነበር?» ሲሉኝ እንደ ልማዴ «ወፍራም ነበር» ብዬ እጀምርና እተወዋለሁ። ወፍራሙ አባቴ ይሁን፣ ወይስ የጋሽ ማልዴ ቴፕም ላስቲኩ ላልቶ ይሁን፣ የምጠይቀው ሰው የለኝም።