በሩ ምንም አልነበረበትም

አስራ ዘጠኝ ዓመት በአውሮፕላን ማረፊያው አውቶቡስ ነድቷል። ከአሮጌው ተርሚናል ወደ አዲሱ፣ ከአዲሱ ወደ አሮጌው፤ ከምድር ሳይነሳ፣ ሰማይ የሚሄዱትን ሲያመላልስ ጠጉሩ ሸበተ። መንገዱ አጭር ነበር፤ እሱ ግን በዘፈን ያረዝመው ነበር። በመስተዋቱ ውስጥ ሻንጣ እየጎተተ የሚሮጥ ሰው ካየ እግሩ ነዳጅ መስጠት እንቢ ይለዋል። «ቆይ፣ ቆይ» ይላል ለራሱ፤ በሩን መልሶ ይከፍትና በለሆሳስ ያንጎራጉራል፦

አትሩጪ ዓለሜ፣ ቀስ ብለሽ ነይልኝ፣
አንቺን ጥዬ ብሄድ መንገዱ አይቀናልኝ።

ሻንጣ ጫኞቹ «ጋሽ ቆይ» አሉት፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። የዘገየበት ቀን ብዙ ነው፤ የተቆጣው ተሳፋሪ ግን ጥቂት ነው። ሁሉም አንድ ቀን ሮጦ ያውቃላ።

ኋላ ባቡሩ መጣ። ሾፌር የለው፣ መሪ የለው፣ መስተዋት የለው፤ ሁለቱን ተርሚናሎች በየሁለት ደቂቃው እየነካ ብቻውን ይመላለሳል። ጋሽ ቆይን አረንጓዴ ሰደርያ አልብሰው መሳፈሪያው ላይ አቆሙት፤ ሥራው ለሰው መንገድ ማሳየት ሆነ። የበሮቹ ቴክኒሻን በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን አጥብቃ ነገረችው።

«ጋሼ፣ አደራህን በሩን እንዳትነካብኝ። ሦስት ጊዜ ሊዘጋ ሞክሮ ካቃተው መስመሩ በሙሉ ቀጥ ይላል። እኔ መጥቼ በእጄ ካልፈታሁት አይነቃነቅም።»

«ይሄ ባቡር ነው ወይስ አማት?» አላት።

ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳቸውን አብረው ይበሉ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ስትሮጥ መጣች። በሩ መዘጋት ጀምሯል። የሚቀጥለው ባቡር በሁለት ደቂቃ ይደርሳል፤ ጋሽ ቆይ ይህን ያውቃል። እግሩ ግን አላወቀም። በሩ መሃል ሰነቀረው። በሩ ገጨው፣ ተከፈተ። ደግሞ ገጨው፣ ተከፈተ። «ነይ እናቴ፣ ነይ!» በሦስተኛው ሲገጨው ሴትየዋ ዘልላ ገባች።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ እርስዎ ባይኖሩ ቀርቼ ነበር!»

እግሩን አወጣ። ባቡሩ ግን ጸጥ አለ። ከኋላው የሚመጣው ባቡርም ሰው እንደሞላ ዋሻው ውስጥ ቆመ። አርባ ደቂቃ።

ስንቱ ሰው ከበረራው ቀረ! ሴትየዋም ቀረች። ወንበር ላይ ተቀምጣ ዕንባዋን እየጠረገች፣ «እርስዎስ የሚችሉትን አድርገዋል» ብላ አጽናናችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ኃላፊው እየተጣደፈ መጣ። «ምን ተፈጠረ ጋሼ?»

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። «በሩ… በራሱ ነው እንቢ ያለው።»

ካሜራው የተሳፋሪውን ጭንቅላት እንጂ እግር አያሳይም። ያንን በር በማለዳ መርምራ «ደህና ነው» ብላ የፈረመችው ቴክኒሻኗ ናት። ኃላፊው፣ ብልሽቱን እስከ ሐሙስ ካላገኘች ከበሮቹ ሥራ እንደምትነሳ ነገራት፤ ከእንግዲህ ፊርማዋን ማን ያምናል?

በሩ ታጥሮ ባቡሩ በሌሎቹ በሮች መሥራት ቀጠለ። እሷ ወለሉ ላይ ተጋድማ ብሎን በብሎን ትፈታው ጀመር።

«ጋሼ፣ ባትሪውን ያዝልኝ፤ እጅ አነሰኝ።»

ያዘላት። ወደምትለው ሁሉ አበራላት፤ የሌለ ነገር ስትፈልግ አበራላት።

«ዝቅ አድርገው። እህ… እዚህም ደህና ነው። ዓይኔ ነው የሰነፈው ጋሼ። የሆነ ነገር አይቼ አልፌያለሁ።»

ላቧ ከአፍንጫዋ ጫፍ ሲንጠባጠብ አየ። ባትሪውን ወደ ወለሉ ዝቅ አደረገ።

«ደከመህ እንዴ? አረፍ በል እንጂ» አለችው።

ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ ሽንኩርት ትከትፋለች። «ምን ሆነሃል? ፊትህ ከሰል መስሏል» አለችው። ነገራት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እሰይ! ጎበዝ! ለማታውቀው ሰው ሁሉ ስትቆም ኖረህ፣ ምሳዋን የምታካፍልህን ልጅ ጥለሃት ልትነዳ?»

«ያባርሩኛል እኮ።»

«ያባርሩሃ! እነሱ ቢያባርሩህ እዚህ ትገባለህ። እኔ ካባረርኩህ የት ልትገባ ነው?»

ሐሙስ ጠዋት ልጅቷን ከእሱ ቀድማ በሩ ሥር ተጋድማ አገኛት። ዓይኗ እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል። «ና እስቲ፣ ዛሬ የመጨረሻችን ነው» አለችው። ባትሪውን አነሳ፤ ሊያበራው ግን አልቻለም።

«አትፈልጊ። በሩ ምንም የለበትም። እግሬ ነው።»

ቀልድ መስሏት ፈገግ ልትል ነበር። ቀና ብላ ፊቱን ስታይ ፈገግታዋ መንገድ ላይ ቀረ።

«ሁለት ቀን ሙሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሁለት ቀን ሙሉ ባትሪ ይዘህልኝ?»

እሷ ብሎኖቹን መልሳ ማሰር ጀመረች። ጎንበስ ብሎ አንዱን አቀበላት። አልተቀበለችውም፤ እጇን ዘርግታ ሌላ አነሳች።

ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረ። ኃላፊው ቅጽ አወጣ።

«የቱ እግርዎ ነው?»

«እ?»

«ቅጹ ይጠይቃል። ቀኝ ወይስ ግራ?»

«ቀኝ።»

ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጠች። እሱ ቀኝ እግሩን እንደ ሌባ ወንበሩ ሥር ደበቀው።

«ልጅቷ ሥራዋ ላይ ትቆያለች። እርስዎ ከሰኞ ጀምሮ ውጭ የሻንጣ ጋሪ ይሰበስባሉ» አለ ኃላፊው።

እፎይ የሚል መስሎት ነበር፤ አላለም። ሰደርያውን ሊመልስ በመሳፈሪያው ሲያልፍ እሷ በሩን ትሞክረዋለች። ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አጥሩን አንስታዋለች።

«ልጄ…» አለ።

ዞር አላለችም። «በሩ ላይ አትቁም ጋሼ፣ ሰው ይለፍ።»

ወደ ጎን አለ። ባቡሩ ደረሰ፣ ተሳፋሪው በመሃላቸው ፈሰሰ፣ እሷም ከዓይኑ ጠፋች። ሰደርያውን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደ።